ጨው ያልገባበት ሽሮ

ሚላኖ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ አጽብሃ፣

ከነትበርህ እንዴት ከረማችሁ? የፍልሰታዋ እመቤት ጤናችሁን ትጠብቅልኝ፤ ጓዳችሁን አታጉድልብኝ። እኔ ተመስገን ነው፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ስልኩን በመተዌ አትቀየመኝ። ልጄ ሩሐማ ጆሮዬ ላይ ስትለጥፍልኝ የሚሰማኝ የባቡር ጣቢያ ጫጫታ ነው። አንተ "ሰማሽ?" ትላለህ፣ እኔ "አዎ" እላለሁ፤ ምን እንደሰማሁ እግዜር ይወቀው። ደብዳቤ ይሻለናል። የጎረቤትህ የአቶ ዋቅጅራ ልጅ ሜቲ የአውሮፕላን አስተናጋጅ መሆኗ ጠቀመን፤ ወደዚህ በተመደበች ቁጥር ከእጅህ ወደ እጄ ታደርስልናለች፣ ዕድሜ ይስጣት።

የጠየቅኸኝን ልመልስ፣ አለዚያ ቀይ እርሳስህን ታነሳለህ። ልቤ ደክሟል። ሀኪሟ ያለችው እንደዚህ ነው። ደሙን እንደ ድሮው መግፋት ስላቃተው ውኃው እግሬ ላይ ይጠራቀማል፤ ሲብስ ወደ ሳንባዬ ይገባል። ጧት ጧት ቁርስ ሳልበላ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። "በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመርሽ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ቶሎ ደውዪ" ብላኛለች። ጨው ከቤቴ ወጥቷል። ሩሐማ የጨው ዕቃውን ስትጥለው ቀብር የወጣሁ መሰለኝ። ዳቦው ጨው፣ አይቡ ጨው፣ የቆርቆሮው ባቄላ ጨው። አንተ የተቀቀለ ዝኩኒ ያለ ጨው በልተህ ታውቃለህ? እርጥብ ወረቀት ማላመጥ ነው።

እዚህ በሀገራችን ሰዎች ሱቅ የሚሸጠውን ሽሮ ሀኪሟ ከልክላኛለች። ሚስትህ ትበርህ የምትልክልኝን ግን ፈቅዳልኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቆመኝ እሱ ነው። የምግቡን ነገር አንተ አትጨነቅበት፤ እኔና ትበርህ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አንተ ሲቀርብልህ መብላት ነው የምታውቀው።

ለትበርህ፦ ከሱ ደብዳቤ ግርጌ የምትጽፊልኝን ሁለት መስመር እንዳትረሺ። ከሱ ሦስት ገጽ ያንቺ ሁለት መስመር ይጣፍጠኛል።

እህትህ አርያም


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ረቂቅ፤ ያልተላከ)

ለውድ እህቴ ለአርያም፣

ተማሪዎቼን መጀመሪያ ረቂቅ፣ ከዚያ ንጹሕ ግልባጭ ጻፉ እያልኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ይህ ረቂቅ ነው።

ትበርህ አርፋለች። በመስቀል ማግሥት ጧት ራሴን አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ "አጽብሃ፣ መብራቱን አጠፋኸው እንዴ?" አለችኝ። ፀሐይ በመስኮቱ ሞልቶ ገብቶ ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ መናገር ተስኗት ነበር። መስከረም 19 ቀን አለፈች። ቂርቆስ ቀበርናት።

ለሩሐማ ደወልኩላት። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አልቅሳ ስትጨርስ፣ "አጎቴ፣ ለእማ አትንገር። ድንጋጤ ልቧን ያቆመዋል" አለችኝ። አቶ ዋቅጅራ የእድራችን ዳኛ ናቸውና አማከርኳቸው። "መምህር፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ብትሆኚ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በርሽን ያንኳኳ ነበር። በሩን ስትከፍቺ ማንም ሳይናገር ታውቂው ነበር። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይዞ ይደግፍሽ ነበር። ሚላኖ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያንኳኳልሽ? በወረቀት የመጣ መርዶ ይዘሽ ብቻሽን ብትወድቂ


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአርያም፣

እንኳን ለዘመን መለወጫና ለመስቀሉ በዓል በሰላም አደረሰሽ። ዓመቱ ጉልበትሽን የሚመልስልሽ፣ እስትንፋስሽን የሚያቀልልሽ ይሁን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። አንቺ በሁሉም ቦታ በሀሌታው ጽፈሽዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር።

እኛ ደህና ነን። ትበርህ ሰላም ትልሻለች። እጇን ትንሽ ስላመማት በዚህ ደብዳቤ ግርጌ አልጻፈችልሽም።

ካዛንቺስ እንደምታውቂው አይደለም። ያደግንበት ግቢ፣ አንቺና ትበርህ ከአጥር በላይ የምትጠራሩበት፣ ፈርሷል። ከመስቀል በፊት ሄጄ ነበር። በየት በኩል ቆሜ በየት በኩል እንደማይ ጠፋኝ፤ ደጃፋችንን የለየሁት በአንድ የመብራት ምሰሶ ነው። ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ከትበርህ ጋር ወፍጮ ቤት የምትሄደው ራቢያም ሄዳለች፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷት። ወፍጮ ቤቱም የለም። የሽሮሽን ነገር ዘንድሮ እንዴት እንደምናደርገው እያሰብን ነው።

በዚህ ምክንያት ትበርህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። የምግብሽን ነገር ከመጀመሪያው ደግመሽ ጻፊላት፤ ምን ተከለከልሽ፣ ምን ተፈቀደልሽ፣ ሽሮው እንዴት ይሁን። በዝርዝር ይሁንላት።

ክኒንሽን በሰዓቱ ዋጪ። የማርያም ልጅ ከደጅሽ አይራቅ።

ወንድምሽ አጽብሃ


ሚላኖ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ አጽብሃ፣

አንተም ትበርህም ያለ ሕመም ያለ ድካም ሰንብቱልኝ። የመጪው ጾም የበረከት ይሁንላችሁ።

ሀኪም በሐመሩ። እሺ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እስክሞት አልማረውም፣ ተስፋ ቁረጥ።

ዝርዝር? ትበርህ ናት ዝርዝር የምትጠይቀው? ገበያ ስትሄድ እንኳ የሚገዛውን ጽፈህ ስትሰጣት ወረቀቱን ለእንቁላል መጠቅለያ የምታደርግ ሴት! እያሾፈችብኝ ነው። "እንደ ድሮው" በላት፣ ይበቃታል። አልጽፍላትም። ከፈለገች እሷው ትጻፍልኝ።

ምነው ግን እጇን? ታማ የማታውቅ ሴት ናት። ወገቧ ሲያማት እንኳ ቆማ ነው የምትቆጣው። ሁለት መስመር ካቃታት አንድ መስመር። አንድ መስመር ካቃታት ስሟን።

የካዛንቺሱን ሳነብ አላለቀስኩም። ቤት ነው። ሰዎቹ ካሉ ቤት ነው። ትበርህ ካለች ያ ግቢ ሁሉ አለ ማለት ነው፤ እሷ የማታስታውሰው የለም።

እኔ በሚዛኑ ሃምሳ ስምንት ነኝ። ጧት ገንፎ በውኃ፣ ፖም፣ አንድ ቁራሽ ጨው አልባ ዳቦ። አትክልቱን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አታልለዋለሁ። የትበርህ ሽሮ ግን ወደ ቆርቆሮው ግርጌ ደርሷል፤ በማንኪያ ስፍቅ ድምፁ ይሰማል። ለጾሙ ድረሱልኝ።

እህትህ አርያም


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

(ከረቂቁ የተሰረዘ፦ ሽሮውን እዚሁ ላንቻ ከቡዜ ባልትና ገዛሁት። በሰፈሩ የተመሰገነች ናት። ትበርህ ያንቺንና የኛን በሁለት ከረጢት ለይታ ታስፈጭ እንደነበር አይቻለሁ፤ ያንቺ በቀይ ክር የተሰፋው ነው። ልዩነታቸውን አልጠየቅኳትም። የበርበሬው መጠን ይመስለኛል፣ ለሆድሽ ብላ። ስለዚህ ለስለስ ያለውን መረጥኩ።)

ለውድ እህቴ ለአርያም፣

የነቢያቱ ጾም ሳያልቅ ይህ እንዲደርስሽ እመኛለሁ። ልደቱን በደስታ ያድርስሽ።

ሜቲ የያዘችልሽ ሽሮ ከረጢቱ በቀይ ክር የተሰፋ ነው፤ እንደ ድሮው። ሁለት ጊዜ ተነፍቷል። ጠጠርና እንክርዳድ እንዳይኖርበት በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ታይቷል። ለስለስ ያለ ነው፣ ሆድሽን አያቃጥልም።

ስለ ትበርህ እጅ ጠይቀሻል። እጇስ ተሽሏታል፤ ዓይኗን ግን ሞራ እየጋረደው ነው። ሐኪሙ ይገፈፋል ብሏል። እስከዚያ መጻፍ ይከብዳታል። አንቺን በማሰብ ትውላለች።

እኔም ስለ ልብ ድካም ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ጠየቅኩ፤ የነገረችኝን ጽፌ ያዝኩ። ከምግብ በኋላ በዝግታ ተራመጂ። የምትጠጪውን ውኃ ለኪው። ዘይቱን ከጠርሙሱ አታፍስሺ፣ በሻይ ማንኪያ ይሁን። ሽሮውን ስትሠሪ ከረሳሽው ብዬ ነው እንጂ ታውቂዋለሽ፤ ጨው እንዳትጨምሪበት አደራ።

ወንድምሽ አጽብሃ


ሚላኖ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼና ለእጀ መልካሟ ለትበርህ፣

የሁዳዴው ጌታ ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ!

ሽሮውን ቀመስኩት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሩሐማ ደንግጣ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ምላሴ መጣ!" አልኳት። ሁለት ዓመት ምላሴ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ክኒኑ ነው፣ እርጅናው ነው እያልኩ። ለካ የሚያስነሳው እጅ እስኪመጣ ነበር። የልጅነታችን ሽሮ ነው፣ ወንድም ጋሼ! ያ በካዛንቺሱ ግቢ እናታችን ስታወርደው ትበርህ በአጥር ሽታው ደርሷት "መጣሁ!" የምትልበት። ትበርህን በግንባሯ ሳምልኝ። ዓይኗ ሲደክም እጇ በረታ ማለት ነው። ጥበቡን አትንገራት ብላ ደብቃኝ ነው እንጂ፣ ይህን ድሮም ትችለው ነበር።

ጾሙ ሲገባ ምሳም እራትም እሱን ነው። ሌላ ነገር አላሰኘኝም። ሩሐማ "አንድ ቀን እንኳ አትክልት ብዪ" ትለኛለች፤ ማን ይሰማታል።

ወፍሬያለሁ። ሁለት ኪሎ። እንዳትደነግጥ፣ ሀኪሟ ያለችው በሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ነው። ይሄ በሦስት ሳምንት ነው፤ ጥጋብ ነው። ቀለበቴ እንኳ አልወጣ አለኝ፣ እንደ ሙሽራ ጣት።

እያለቀብኝ ነው። ከፋሲካ በፊት ድገሙኝ።

የጠገበች እህትህ አርያም


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአርያም፣

ደብዳቤሽ ደስ አሰኘኝ። እንዲህ ስትስቂ ከሰማሁሽ ቆይቷል። የተጠየቀው ተልኳል፣ ሜቲ ይዛልሻለች። ትበርህ ሰላም ትልሻለች።

ሆኖም ደስታዬ መሐል የገባ ጥያቄ አለና በቀጥታ መልሺልኝ። ጧት ሳይጠብሽ ማታ የሚጠብብሽ ጫማ አለ? ስትተኚ በስንት ትራስ ነው? ከወትሮው ከጨመርሽ፣ ወይም ቀና ካላልሽ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ፣ ፋሲካን ሳትጠብቂ ለሐኪሟ ንገሪ። ነርሷ ስለ ቀለበትሽ ስነግራት ፊቷ አላማረኝም። ጣት የሚወፍረው በጥጋብ አይደለም አለችኝ።

ምን እንደተለወጠ አላገኘሁትም። የምትበዪውን ሁሉ እያሰብኩ ነው።

የትንሣኤው ብርሃን በጤና ይድረስሽ።

ወንድምሽ አጽብሃ


ሚላኖ፣ ሆስፒታል፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። መስመሬ ከተጣመመ አትረመኝ፤ በአራት ትራስ ተደግፌ ነው።

የጠየቅኸኝ ሁሉ ደርሶብኛል። ጫማው፣ ትራሱ፣ ትንፋሹ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ግን እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው። በሆሳዕና ዕለት ደረጃው መሐል ቆሜ ቀረሁ፤ አየሩ አልገባም አለኝ። ሰው ውኃ ውስጥ ሳይገባ ይሰጥማል ለካ።

ሀኪሟ እግሬን ተጭና የጣቷ ጉድጓድ ሳይሞላ ሲቀር አየችና "ሲኞራ፣ ጨው በልተሻል" አለችኝ። "አልበላሁም።" "በልተሻል፤ ደምሽ ይናገራል።" ሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ። በጣሊያንኛ መማል ስለማይሆንልኝ ሩሐማን ተርጉሚልኝ አልኳት። "ትበርህ ትሙት! ትበርህን ልቅበር፣ ከድስቴ ላይ አንዲት ቅንጣት ጨው አልጨመርኩም!" አልኩ። ሩሐማ መተርጎሙን ትታ አለቀሰች። "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" ብላት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ ሀኪሟ ስለ ሽሮው ጠየቀችኝ። ሽሮም በርበሬም ሲፈጭ ጨው እንደሚገባበት ታውቃለች፤ ሱቁን የከለከለችኝ ለዚያ ነው። "የወንድሜ ሚስት የኔን ለብቻው ያለ ጨው ታስፈጭልኛለች፣ በቀይ ክር የሰፋችው የኔ ነው" ብዬ ነገርኳት። አላመነችኝም። ትበርህን ጠይቅልኝና ጻፍልኝ፤ ያለ ጨው እንዲህ ያጣፈጠችው በምንድን ነው? ለዚህች ሴትዮ ላሳያት። ትበርህ እንደማትዋሸኝ ታውቅልኝ።

እህትህ አርያም


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አርያም፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ብቻሽን አትሆኚም። ለሩሐማ ነግሬያታለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችሁን ሴቶች ጠርታ፣ ሐኪሟንም አስፈቅዳ፣ በአጠገብሽ ሆነው ነው የሚሰጡሽ። ሽሮውንም በስልክ አስጥዬዋለሁ።

ትበርህ አርፋለች። ያረፈችው መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው። በስሟ ምለሻል፤ ሳታውቂው ደግሞ ጨው በልተሻል። መሐላዬ ገደላት ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለሽ በናታችን ስም ምለሽ ሌሊቱን ትንፋሿን ስታዳምጪ አድረሻል። አርያም፣ ስትምዪ ትበርህ ካረፈች ወራት አልፈዋል። ልትገድያት አትችዪም ነበር። ይህን እንድታምኚ ደግሞ በነዚያ ወራት የጻፍኩልሽን ሰላምታ ሁሉ እኔ እንደፈጠርኩት ማወቅ አለብሽ። እጇንም አላመማትም፣ ዓይኗንም ሞራ አልጋረደውም።

ሽሮውን የገዛሁት ከባልትና ነው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወደ ቡዜ ሄድኩ። "መምህር፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ልመዝንልዎት?" አለችኝ።

"ይህ ሽሮ ጨው አለበት?"

"ጋሼ ደግሞ ይቀልዳሉ! ጨው የሌለው ሽሮ አለ እንዴ? ምኑ ይበላል?"

"ብዙ ነው?"

"እንደ ደንቡ ነዋ። ለማን ነው ግን…" አለችና ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው።

አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ጨው ምግቡ ሲበስል ድስት ላይ የሚጨመረውን ነው። ትበርህ ካረፈች ወዲህ ለራሴ ሽሮ እሠራለሁ። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጨው መጨመር ረስቼ ነበር፤ ግን ጣፈጠኝ። በማግሥቱም ሳልጨምር በላሁ፣ ጣፈጠኝ። ማስረጃው ጉሮሮዬ ውስጥ እያለ መልሱን አላገኘሁትም። ለአንቺ ደግሞ "ጨው እንዳትጨምሪበት አደራ" ብዬ ጻፍኩልሽ።

ዝርዝሩን ያኔ የጠየቅኩሽ ትበርህ ብላኝ አልነበረም። ትበርህ የምታውቀውን አንድ ነገር እኔ ስላላወቅኩ ነው። እውነቱን ሳልነግርሽ እንዴት አጥብቄ ልጠይቅሽ? ለልብሽ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ለዚህ መዝጊያ የሚሆን ምርቃት አላገኘሁም።

አጽብሃ


ሚላኖ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥህ።

ቤት ከተመለስኩ በሳምንቱ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላ የለበሱ ሴቶች አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ሞልተውታል። አንዷም አልተናገረችም። "ወንድሜን ነው?" አልኩ። አይደለም ሲሉኝ ተመስገን አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ማን እንደቀረ ገባኝ። ጎረቤቶቼ ጣሊያኖቹ ጩኸቱን ሰምተው ፖሊስ ሊጠሩ ነበር። ትበርህ ብትኖር በዚህ ነገር ሳምንት ሙሉ ትስቅ ነበር።

ሀኪሟ ልቤ ከሩብ በላይ አይሠራም ብላኛለች። ከዚህ በፊት የነበረው አይመለስም። እንዲህ ስትለኝ እጄን ይዛ ነው፤ ውሸታም ስላለችኝም ይቅርታ ጠይቃኛለች።

ስለ ጨው አልተቀየምኩህም። ጓዳ ገብተህ አታውቅም፤ እኔና ትበርህም እንድትገባ አልፈቀድንልህም። በልቼ ደስ ብሎኛልም፤ እሱን አልዋሽህም። መደበቅህም ይገባኛል። እኔም ብሆን እደብቅህ ነበር።

ሰላምታው ነው ያልወጣልኝ። "ትበርህ ሰላም ትልሻለች።" ተቀብዬ ሳምኩት፣ ወንድም ጋሼ። ወረቀቱን ሳምኩት። "አንቺን በማሰብ ትውላለች" ያልከውን ለሩሐማ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። ዝም ብትልልኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር፣ እጠይቅም ነበር። ለሱ ይቅር ልልህ እየሞከርኩ ነው፤ ገና ነኝ። አልዋሽህም፣ ገና ነኝ።

አንድ ነገር አድርግልኝ። ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ የገጹን ግርጌ አትንካው። እሷ ትጽፍበት የነበረውን ቦታ ባዶ ተውልኝ። ባዶውን ማየት ይሻለኛል።

የሷን ሽሮ ግን እፈልጋለሁ። የማይጥመውን።

አርያም


አዲስ አበባ፣ ላንቻ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአርያም፣

ዛሬ ቂርቆስ ነው፤ ሰፈሩ ገና በጧቱ ነጭ ለብሷል። ከትበርህ መቃብር ደርሼ ልመለስና ልጽፍልሽ ነበር፤ አሁን ግን መጻፉን ማስቀደም ፈለግኩ።

ራቢያን አገኘኋት። በሦስት ታክሲ ነው የተደረሰው። በር ስትከፍት ገና አፌን ሳልከፍት "የአርያምን ሽሮ ነው?" አለችኝ። በጨው ፈንታ ነጭ ሽንኩርቱ እጥፍ ይሆናል፣ ኮሰረትና በሶብላ ይጨመራል፤ ወፍጮው ደግሞ ቀድሞ ታጥቦ መድረቅ አለበት፣ የሰው ጨው እንዳይቀርበት። ለዚህ ነው ትበርህ ያንቺን ለማስፈጨት ከሁሉ ቀድማ በጧት ትሄድ የነበረው። እኔ ሌሊት ስትነሳ "ምን ያጣድፍሻል?" እያልኩ ተኝቼ እቀር ነበር። አሁን ቆሜ አስፈጨሁት። ሠርቼም ቀመስኩት። ብዙም አይጥምም። ከረጢቱን በቀይ ክር ራሴ ሰፋሁት፤ ስፌቱ ጠማማ ነው።

ትናንት ማታ ሩሐማ ደውላ፣ "አጎቴ፣ ሽሮውን አሁን አትላክ" አለችኝ። ለምን አላልኳትም። "እማ ደህና ናት። ሰላም ትልሃለች" አለችኝ። ያንን አባባል አውቀዋለሁ። ሰባት ወር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን በመስኮቱ ሳይ አቶ ዋቅጅራ በራችን ላይ ቆመዋል፣ ጋቢ ደርበው። ሜቲ ከኋላቸው አለች፤ እጇ ባዶ ነው። ሌሎችም አሉ። ራቢያ አለች፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት በዚህ ሰዓት የመጣችው መቼም ለንግሥ አይደለም። ማን ቀድሞ እንደሚያንኳኳ እየተያዩ ነው። እስኪያንኳኩ ድረስ እጽፍልሻለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽም ሀኪም በሀሌታው ነው። አላረምኩትም። ገና ነኝ ብለሻል። እጠብቃለሁ።

ግርጌውን እንዳልሽው ትቼዋለሁ።

ወንድምሽ አጽብሃ